የፈረሱ ባለቤት ቀለቡን መክፈል ሲያቆም፦ በቴክሳስ ለጋጣ ባለቤቶች የተዘጋጀ መመሪያ

ጋራዥ የገባ መኪና ሒሳቡ ሳይከፈል እንደማይወጣ ሁላችንም እናውቃለን። ፈረስም በጋጣ ሲቀመጥ ነገሩ ተመሳሳይ ነው፤ ልዩነቱ መኪና ቆሞ አይበላም። ግማሽ ቶን ገደማ የሚመዝን ፈረስ በቀን ከ7 ኪሎ ተኩል እስከ 10 ኪሎ ድርቆሽ ይፈጃል። ሰኮናው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ መከርከም አለበት። ባለቤቱ መክፈል ካቆመበት ቀን ጀምሮ ይህ ሁሉ ከእርስዎ ኪስ ይወጣል። ስለዚህ ዕዳ ያለበት ፈረስ በጋጣዎ ሲቆም በአንድ በኩል መያዣ ነው፣ በሌላ በኩል በየቀኑ የሚያድግ ወጪ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚያጠነጥነው በዚህ ላይ ነው።

እኔ ከዳላስ በስተሰሜን ላለ አንድ ጋጣ ሒሳብ እይዛለሁ። በየዓመቱ አንድ ወይም ሁለት ሰው ስልክ ማንሳት ያቆማል። የመጀመሪያው ሲያጋጥመን በንዴት ሠራን፤ ገና በሦስተኛው ሳምንት «ፈረስህን ልንሸጥ ነው» የሚል የስልክ መልእክት ልከን፣ ፎቶውን ለሽያጭ በኢንተርኔት ለጠፍን። ባለዕዳው ዝም ብሎ ቆይቶ ጠበቃ ይዞ መጣ። ገንዘቡ የእኛ ነበር፣ ጥፋተኞቹ ግን እኛ ሆንን። ዕዳውን ትተን ፈረሱን አስረክበን ተገላገልን። እኔ ጠበቃ አይደለሁም፤ ግን ከዚያ በኋላ ሕጉን አንብቤ፣ ጠበቃም ጠይቄ፣ ደረጃውን ጠብቀን ስንሠራ ቆይተናል።

ሕጉ የሚሰጥዎት መብት

የቴክሳስ የንብረት ሕግ ምዕራፍ 70 ውስጥ፣ በቁጥር 70.003፣ እንስሳ ለእንክብካቤ የተተወለት የጋጣ ባለቤት ለእንክብካቤው በሚገባው ክፍያ ልክ በእንስሳው ላይ የመያዣ መብት እንዳለው ተጽፏል። እዚህ አገር ሰው ሁሉ «ሊን» ነው የሚለው፤ እኔም እንደዚያው እላለሁ። ግጦሽ የሚያከራይም ለግጦሹ ክፍያ ተመሳሳይ መብት አለው። ሊኑ የሚመነጨው ከሕጉ ነው፤ ውል ባይጻፍም አለ።

ይህ መብት ግን ፈረሱን የእርስዎ አያደርገውም። ይዘው እንዲያቆዩና ሥርዓቱን ጠብቀው በሐራጅ እንዲሸጡ ብቻ ይፈቅዳል። «ሦስት ወር አልከፈለም፣ እንግዲህ ፈረሱ የእኔ ነው» ብሎ ወደ ራስ ስም ማዞር አይቻልም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ቴክሳስ ላልሆናችሁ አንድ ማሳሰቢያ ላክል። ሕጉ ከግዛት ግዛት ይለያያል። ቨርጂኒያ በሕጓ ቁጥር 43-32 ለጋጣ ባለቤት ሊን ትሰጣለች፤ የቀን አቆጣጠሯና የሽያጭ ሥርዓቷ ግን የራሷ ነው። ካሊፎርኒያ ደግሞ ባለቤቱ መብቱን በጽሑፍ ካልለቀቀ በስተቀር ለመሸጥ ፍርድ ቤት ታስኬዳለች። እንግሊዝ አገር በልማዳዊው ሕግ ፈረስ አሠልጣኝ የመያዣ መብት ሲኖረው፣ ፈረስ አቀማጭ ግን የለውም፤ እዚያ መብቱ በውል ውስጥ ካልተጻፈ አለ ማለት ያስቸግራል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉት ቀኖች የቴክሳስ ብቻ ናቸው።

1. ከመጀመሪያው ቀን ውል ይኑር

ሊኑ ያለ ውልም ቢኖር፣ የዕዳውን ልክ የሚያስረዳው ውሉ ነው። በአንድ ገጽ የሚያልቅ ውል ይበቃል፤ የሚከተሉት ግን እንዳይጎድሉበት፦ የወሩ ክፍያ ስንት ነው፣ መቼ ይከፈላል፣ ምን ምን ይጨምራል (መኖ፣ ድርቆሽ፣ ጋጣ ማጽዳት)፣ ለእንስሳት ሐኪምና ለሰኮና ባለሙያ ጋጣው ከከፈለ በባለቤቱ ዕዳ ላይ እንደሚደመር፣ ማስጠንቀቂያ በየትኛው አድራሻ እንደሚላክ። መንጃ ፈቃዱን ፎቶ አንሥተው ያያይዙ።

«የፈረሱ ባለቤት ማን ነው?» ብለው መጠየቅም አይርሱ። ክፍያውን የሚከፍለው ሰውና ባለቤቱ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። ለልጇ ፈረስ የምትከፍል እናት፣ ከሌላ ሰው ፈረስ ተከራይቶ የሚጋልብ ጎረምሳ፣ ከፍቺ በኋላ ለሁለት የተከፈለ ንብረት፣ ሁሉንም አይተናል። ደብዳቤው ለተሳሳተ ሰው ከተላከ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው። ፈረሱ የተመዘገበ ከሆነ የምዝገባ ወረቀቱን ቅጂ ይያዙ።

ስለ ቅጣትና ወለድ፦ በውሉ ምንም ካልተባለ፣ የቴክሳስ የፋይናንስ ሕግ ክፍያው ካለፈበት ከ30ኛው ቀን ጀምሮ በዓመት 6 ከመቶ ወለድ ይፈቅዳል። ከዚያ በላይ በቃል መጨመር ራስን ለክስ ማጋለጥ ነው።

2. በዘገየ በመጀመሪያው ሳምንት ይደውሉ፣ ከዚያ ይጻፉ

ሀበሻ ዕዳ ለመጠየቅ ያፍራል። «ሰውየው ተቸግሮ ይሆናል፣ በሚቀጥለው ወር ይከፍላል» እያልን ሦስት ወር ይሄዳል። ደግነቱ አይከፋም፤ ግን የሚጎዳው ሁለታችሁንም ነው። በ700 ዶላር የጀመረ ዕዳ ሰው ሊከፍለው ይችላል፤ 2,800 ሲደርስ ግን ስልክ ማጥፋት ይቀለዋል።

ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት በትሕትና ይደውሉ፤ ከደወሉ በኋላ ያኑ የተነጋገራችሁትን በኢሜይል ይላኩለት። ከፊሉን ከከፈለ ለየትኛው ወር እንደተያዘ በደረሰኝ ይጻፉ። የክፍያ ስምምነት ከተደረገ ቀንና መጠን ያለበት፣ ሁለታችሁም የፈረማችሁበት ይሁን። ሒሳቡን በየወሩ ለይተው ይያዙ፤ ጠቅላላ ድምር ብቻ ካለ «ይህ ከየት መጣ?» ሲባል መልስ የለም።

3. ፈረሱን ከግቢ አይልቀቁ

የጋጣ ባለቤት ሊን በይዞታ ላይ የቆመ ነው። ፈረሱ በፈቃድዎ ከግቢ ከወጣ የሚቀርዎት ተራ የዕዳ ጥያቄ ነው። «ለእሑድ ውድድር ብቻ ልውሰደው፣ ሰኞ እከፍላለሁ» ብሎ ወስዶ ያልተመለሰ ሰው ታሪክ በየጋጣው ይነገራል። ዕዳ እስኪከፈል ድረስ ፈረሱ ለግልቢያ በግቢው ውስጥ ይውጣ እንጂ ተጎታች ላይ እንዳይጫን ለሠራተኞች ሁሉ ይንገሩ። ሌሊት በሩ ይቆለፍ። በሌሊት መጥተው ጭነው የሄዱም አሉ፤ ሸሪፍ ሲጠሩት ብዙ ጊዜ «የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው» ብሎ ይሄዳልና አስቀድሞ መቆለፉ ይሻላል።

በተቃራኒው ደግሞ ባለቤቱ ሙሉውን ዕዳ ይዞ ከመጣ ፈረሱን ወዲያውኑ ያስረክቡ። ገንዘቡ ከቀረበ በኋላ «የቅጣት ሌላ 300 ጨምር» ብሎ መያዝ የሰው ንብረት አላግባብ መያዝ ስለሆነ ካሳ ያስከፍላል። ኮርቻውንና ልጓሙን መያዝም እንዲሁ አይገባም፤ 70.003 ስለ እንስሳው እንጂ ስለ ዕቃው አያወራም።

4. መመገብዎን አያቋርጡ

ይህን አስረግጬ የምጽፈው በጣም ብዙ ሰው ስለሚሳሳት ነው። አልከፈለም ተብሎ መኖ መቀነስ፣ ሐኪም መከልከል፣ ሰኮና ሳይከረከም መተው ወንጀል ነው። የቴክሳስ የወንጀል ሕግ ቁጥር 42.09 በእጁ ያለን ከብት (ፈረስም ይጨምራል) አስፈላጊውን ምግብ፣ ውኃና እንክብካቤ ያለ በቂ ምክንያት የነፈገ ሰው ይቀጣል ይላል። ሕጉ «በእጁ ያለ» የሚለው እርስዎን ነው እንጂ ስልኩን ያጠፋውን ሰው አይደለም። አደራ አደራ ነው፤ አስቀማጩ ቢክድም ጠባቂው አይለቀቅም።

ራስዎን ለመጠበቅ በየሳምንቱ የፈረሱን ፎቶ ከሁለቱም ጎን፣ ቀኑ እንዲታይ አድርገው ያንሡ። የሰውነት ሁኔታ ነጥብም (ክሳቱን ወይም ውፍረቱን የሚለካ ቁጥር) ይጻፉ፤ በ1983 በቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ዶን ሄነክ ያወጣው ከ1 እስከ 9 የሚሄድ ሚዛን በእንስሳት ሐኪሞች ዘንድ የታወቀ ነው። 5 ነጥብ ማለት የጎድን አጥንቱ አይታይም፣ ሲዳሰስ ግን ይገኛል ማለት ነው። ፈረሱ ሲመጣ 5 ከነበረና ሲሸጥም 5 ከሆነ፣ «ፈረሴን አስርቦ ሸጠብኝ» ለሚል ክስ ይህ ማስረጃ ጥሩ መልስ ነው። የመኖና የሐኪም ደረሰኝም አብሮ ይቀመጥ።

5. ከመሸጥዎ በፊት ሦስት ነገር ያጣሩ

*ወታደር ነው?* ቴክሳስ ውስጥ በተለይ በኪሊን ከተማ በፎርት ሁድ አካባቢ ፈረስ ያላቸው ወታደሮች ብዙ ናቸው። የአገልግሎት ላይ ወታደሮችን የሚጠብቀው የፌዴራል ሕግ፣ በአገልግሎት ላይ ያለን ሰው ንብረት፣ አገልግሎቱ ካበቃ በኋላም እስከ 90 ቀን ድረስ፣ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ በሊን መሸጥ ይከለክላል። የቴክሳስን ሥርዓት በሙሉ ቢፈጽሙም ይህን ካላጣሩ ችግር ላይ ይወድቃሉ። የመከላከያ ሚኒስቴሩ በዚሁ ሕግ መሠረት የሰው ስም የሚጣራበት ድረ ገጽ አለው፤ ስምና የልደት ቀን አስገብተው ውጤቱን አትመው ፋይል ውስጥ ያስገቡ።

*ኪሳራ አሳውቋል?* በፌዴራል የኪሳራ ሕግ ጉዳይ ከፍቶ ከሆነ ማንኛውም የዕዳ መሰብሰብ ሥራ ወዲያውኑ ይቆማል። ሐራጁም ይቆማል። ይህ ሲሆን ቀጥታ ጠበቃ ጋር ይሂዱ።

*ሌላ አበዳሪ አለ?* ውድ ፈረስ ከሆነ ባንክ ገንዘብ አበድሮበት ሊሆን ይችላል። በቴክሳስ በስቴቱ ጸሐፊ መዝገብ ላይ የተመዘገበ መያዣ ካለ ይፈልጉ። በእጅዎ ያለው በሕግ የመጣ ሊን አብዛኛውን ጊዜ ከባንኩ ይቀድማል፤ ቢሆንም ለባንኩ ማሳወቅ ኋላ ከሚመጣ ጭቅጭቅ ያድናል። እኛ ጋር አንድ ጊዜ ባንኩ ራሱ ዕዳውን ከፍሎ ፈረሱን ወሰደ፤ ሐራጁም አላስፈለገም።

6. ቀኑን ይቁጠሩ፦ 60፣ 11፣ 20

የቁጥር 70.005 ሥርዓት ይህ ነው። ክፍያው ከደረሰበት ቀን ጀምሮ ፈረሱ ለ60 ቀን በእጅዎ መቆየት አለበት። ከዚያ ባለቤቱ በቴክሳስ የሚኖርና አድራሻው የታወቀ ከሆነ ክፍያውን ይጠይቁታል። ጥያቄው ከቀረበ በኋላ ከ11ኛው ቀን በፊት ካልከፈለ፣ የ20 ቀን ማስታወቂያ ሰጥተው በይፋ ሐራጅ ይሸጣሉ።

በቀን ላሳያችሁ። የማርች ክፍያ አልተከፈለም እንበል። ጋጣዎ በወሩ መጀመሪያ የሚያስከፍል ቢሆንም ጥንቁቁ ሰው ከወሩ መጨረሻ፣ ከማርች 31 ይቆጥራል፤ ለአንድ ወር ቸኩሎ ሥርዓቱን ከማጣት ይሻላል። 60 ቀኑ ሜይ 30 ላይ ይሞላል። ጁን 1 የክፍያ ጥያቄውን በሰርቲፋይድ ሜይል፣ የመድረሻ ደረሰኝ በሚመለስበት አረንጓዴ ካርድ ይላኩ። 11ኛው ቀን ጁን 12 ነው። እስከዚያ ካልተከፈለ በዚያው ቀን የሐራጁን ማስታወቂያ ይልካሉ፤ 20 ቀኑ ጁላይ 2 ይሞላል። እኛ ሐራጁን ወደ ጁላይ አጋማሽ እንገፋዋለን፣ ፖስታው ቢዘገይም እንዳንከሰስ። አንድ ሳምንት ድርቆሽ ከአንድ ክስ ይረክሳል።

ባለቤቱ ከቴክሳስ ውጭ ከሆነ ወይም አድራሻው ካልታወቀ፣ ሕጉ ከ60ኛው ቀን በኋላ ያለ ማስታወቂያ መሸጥን ይፈቅዳል። እኔ ግን ይህን መንገድ አልወደውም። ባለፈው የታወቀ አድራሻው፣ በኢሜይሉና በስልኩ ሁሉ ሳልልክ አልሸጥም፤ «አድራሻውን ያውቁ ነበር» የሚል ሰው ሁልጊዜ ይገኛል።

በደብዳቤው የፈረሱ ስም፣ ዝርያ፣ ቀለም፣ ዕድሜ፣ ምልክት፣ የየወሩ ዕዳ በቀንና በመጠን፣ የሚከፈልበት የመጨረሻ ቀን ይጻፍ። በሁለተኛው ደብዳቤ፣ በሐራጁ ማስታወቂያ፣ ደግሞ የሐራጁ ቦታ፣ ቀንና ሰዓት ይጨመር። ስድብና ማስፈራራት አይግባበት። ደብዳቤው አንድ ቀን ዳኛ ፊት እንደሚነበብ እያሰቡ ይጻፉት።

እግረ መንገዴን የታዘብኩትን ልናገር፦ ከአምስቱ አራቱ ጉዳዮቻችን የተቋጩት በዚህ ደረጃ ላይ ነው። አረንጓዴው ካርድ ሲደርሰው ሰውየው ይደውላል። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» እንደሚባለው፣ ሊኑም ባለዕዳውን እስከ ጠረጴዛው ያደርሰዋል እንጂ ገንዘቡን ራሱ አይሰበስብም። ሲደውል ለመስማማት ዝግጁ ይሁኑ። መክፈል የማይችል ከሆነ ፈረሱን በዕዳው ምትክ እንዲያስረክብ ይጠይቁት፤ በፈቃዱ የሽያጭ ወረቀት ከፈረመና የምዝገባ ወረቀቱን ከሰጠ፣ ሐራጅም ፍርድ ቤትም አያስፈልግም። ለእኔ ከሁሉ የተሻለው መጨረሻ ይህ ነው።

7. ሐራጁ

ይፋ ሐራጅ ማለት ማንም ሰው መጥቶ ሊጫረትበት የሚችል ማለት ነው፤ ለጓደኛ በስውር መሸጥ አይደለም። ብዙ ጋጣዎች ፈረሱን ሳምንታዊ የከብት ገበያ ይወስዱታል፤ ቀላል ነው፣ ደረሰኝም ያወጣሉ። የመውሰድ ችግሩ ዋጋው ነው። በቴክሳስ የነበሩት ሁለት የፈረስ ቄራዎች፣ የፎርት ዎርዝና የካውፍማን፣ በ2007 ከተዘጉ ወዲህ ርካሽ ፈረስ ተጭኖ ወደ ሜክሲኮ ቄራ የሚሄድበት ጊዜ አለ። የአንድ ልጅ የመጀመሪያ ፈረስ በእጄ እዚያ እንዲደርስ ስለማልፈልግ፣ ሐራጁን በራሳችን ግቢ አውጀን ለጋላቢዎች ቀድመን እናሳውቃለን። ዋጋውም ብዙ ጊዜ ይሻላል።

ከሽያጩ በፊት ሁለት ወረቀት ያዘጋጁ። አንደኛው የኮጊንስ ምርመራ ነው፤ ቴክሳስ ውስጥ ፈረስ ባለቤት ሲለውጥ ባለፉት 12 ወራት ከፈረስ የደም ማነስ በሽታ ነፃ መሆኑን የሚያሳይ ውጤት ይጠየቃል። ሁለተኛው የምዝገባ ጉዳይ ነው። ኳርተር ሆርስ የሚባለው ዝርያ ከሆነ መዝገቡን የሚይዘው ዋና መሥሪያ ቤቱ አማሪሎ ያለው የአሜሪካ ኳርተር ሆርስ ማኅበር ነው። በሊን የተሸጠን ፈረስ ወደ ገዢ ስም ለማዞር ምን ወረቀት እንደሚፈልጉ ከሐራጁ በፊት ደውለው ይጠይቁ። ገዢው ወረቀት የሌለው ፈረስ እየገዛ ከሆነ ይወቀው፤ በሽያጭ ወረቀቱ ላይም «በ70.005 መሠረት በሊን የተሸጠ» ብለው ይጻፉ።

8. ገንዘቡ ሲመጣ

በመጀመሪያ ዕዳውና ተገቢ የሽያጭ ወጪው ይቀነሳል። ገንዘቡ ካልበቃ ቀሪውን በጀስቲስ ኮርት፣ በሰላም ዳኛው ፍርድ ቤት፣ መጠየቅ ይቻላል፤ ይህ ፍርድ ቤት ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2020 ጀምሮ እስከ 20,000 ዶላር ያለ ጉዳይ ይመለከታል፣ ያለ ጠበቃም ይኬድበታል። የውል ዕዳ ለመክሰስ 4 ዓመት አለዎት። ሊን ያጡ፣ ለምሳሌ ፈረሱ በሌሊት የተወሰደባቸው፣ መንገዳቸው ይኸው ነው። የያዙት የፎቶ፣ የደረሰኝና የአረንጓዴ ካርድ ፋይል እዚህ ላይ ይከፍላል።

ትርፍ ከመጣ ግን የእርስዎ አይደለም። በ4,000 ዶላር ተሽጦ ዕዳውና ወጪው 3,100 ከሆነ፣ 900ው የባለቤቱ ነው፤ ከነሒሳብ ዝርዝሩ በቼክ ይላኩለት። ባለቤቱ የማይታወቅ ከሆነ ወይም ከካውንቲው ከለቀቀ፣ ትርፉን ዕዳው ለተፈጠረበት ካውንቲ ገንዘብ ያዥ ያስገባሉ፤ ገንዘብ ያዡም ደረሰኝ ይሰጥዎታል። ባለቤቱ በሁለት ዓመት ውስጥ መጥቶ ካልጠየቀ ገንዘቡ የካውንቲው ይሆናል። ደረሰኙን ከፈረሱ ፋይል ጋር ያስቀምጡት።